የሕፃናት ወንጀል ምርመራ በአዲስ አበባ

የሕፃናት ወንጀል ምርመራ ማለት ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ወንጀል ፈጽሟል ተብሎ ሲጠረጠር ፖሊስ ነገሩን የሚያጣራበት፣ ማስረጃ የሚያሰባስብበትና ጉዳዩን ለፍርድ ቤት የሚያቀርብበት ሥራ ነው። ሥራውን የሚያከናውነው ባለሙያ መርማሪ ፖሊስ ይባላል። ይህ ምርመራ ከአዋቂዎች ምርመራ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ መርማሪው «ምን ተፈጸመ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ይህ ልጅ ማን ነው? ስንት ዓመቱ ነው?» የሚሉትንም መመለስ አለበት። ሁለተኛ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ሲሆን ሕጉ ልጁ ወዲያውኑ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድም ፍርድ ቤቱ ለፖሊስ መመሪያ ሊሰጥ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ሥራው በኢትዮጵያ ሕግ እንዴት እንደተደነገገ ያብራራል፤ ምሳሌዎቹንም በመሀል አዲስ አበባ ከሚገኘው ከቂርቆስ ክፍለ ከተማና በውስጡ ካለው ከካዛንቺስ ሰፈር አካባቢ ይወስዳል።

የዕድሜ ክፍፍል

በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን በሦስት ይከፍላቸዋል።

ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በአንቀጽ 52 መሠረት በወንጀል አይጠየቅም። ያደረገው ነገር ምንም ያህል ከባድ ቢሆን ክስ አይቀርብበትም፤ ቤተሰቡ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም አሳዳጊው ተገቢውን እርምጃ እንዲወስድ ይደረጋል።

ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉት «ወጣት ጥፋተኞች» ናቸው። አንቀጽ 53 በእነዚህ ልጆች ላይ ለአዋቂዎች የተደነገጉ መደበኛ ቅጣቶች እንዳይፈጸሙባቸውና ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር እንዳይታሰሩ ይደነግጋል።

ከ15 ዓመት በላይ ሆነው 18 ዓመት ያልሞላቸው ደግሞ በአንቀጽ 56 መሠረት እንደ አዋቂ በመደበኛው ሕግ ይዳኛሉ። ሆኖም ፍርድ ቤቱ ዕድሜያቸውን ተመልክቶ ቅጣቱን ሊያቀልላቸው ወይም ለታናናሾቻቸው ከተደነገጉት ልዩ ቅጣቶች አንዱን ሊወስንባቸው ይችላል። የሞት ቅጣት ወንጀሉ በተፈጸመበት ጊዜ 18 ዓመት ባልሞላው ሰው ላይ አይወሰንም።

በሦስቱም ክፍሎች የሚቆጠረው ወንጀሉ በተፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ከመርማሪው መዝገብ ውስጥ ቀዳሚውን ቦታ የሚይዘው ፍሬ ነገር ዕድሜ ነው ማለት ይቻላል።

ታሪክ

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለወጣት ጥፋተኞች የተለየ ክፍል ነበረው። ከሚፈቅዳቸው ቅጣቶች አንዱ የበትር ግርፋት ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ ይህን ቅጣት አስቀርቶታል። በ1954 ዓ.ም. የወጣውና ለአሥርት ዓመታት ያገለገለው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ከአንቀጽ 171 እስከ 180 ድረስ የወጣቶች ጉዳይ የሚታይበትን ልዩ ሥርዓት ዘርግቷል። የአዲስ አበባው የሕፃናት ጠባይ ማረሚያ ተቋም ከእነዚህ ሕጎች ይቀድማል፤ የተቋቋመው በ1930ዎቹ ዓ.ም. ነው።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናትን ጉዳይ በሚመለከት በማናቸውም እርምጃ የሕፃኑ ጥቅም በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል፤ በማረሚያ ያሉ ወጣት ጥፋተኞችም ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ይደነግጋል።

በፖሊስ በኩል ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ፎረም ኦን ስትሪት ችልድረን ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅት ከአዲስ አበባ ፖሊስ ጋር በመተባበር በከተማዋ ፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች እንዲቋቋሙ አደረገ። በእነዚህ ክፍሎች ሥልጠና የወሰዱ ፖሊሶችና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች የተጠቂ ሕፃናትንም የተጠርጣሪ ሕፃናትንም ጉዳይ ይከታተሉ ነበር። ቀላል ጥፋት ያጠፉ ልጆች ከቤተሰባቸው ሳይለዩ ምክርና ክትትል የሚያገኙባቸው በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረቱ የእርምት ማዕከላትም ተከፍተዋል። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የተቋቋመው የሕፃናት ፍትሕ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት በበኩሉ ለሕፃናት ምቹ የሆኑ ችሎቶች እንዲደራጁና ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎችና ፖሊሶች እንዲሠለጥኑ ሠርቷል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲም ሕፃናት በምርመራና በክስ ሂደት ልዩ አያያዝ እንደሚያስፈልጋቸው አስፍሯል።

ከጣቢያ ወደ ፍርድ ቤት

በአዋቂዎች ጉዳይ ፖሊስ ተጠርጣሪውን ይይዛል፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቀርባል፤ ምርመራው ካላለቀም የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ግን ሊደጋገም ይችላል።

ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለ ልጅ መንገዱ ሌላ ነው። በአንቀጽ 172 መሠረት ልጁን ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ወላጅ፣ አሳዳጊ ወይም የግል ተበዳይ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ፍርድ ቤት ያቀርበዋል። ሕጉ በወጣበት ዘመን ይህ የወረዳ ፍርድ ቤት ነበር፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሚሠራው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ ልጁን ያመጣውን ሰው ስለ ነገሩ ዝርዝርና ስለ ምስክሮች ይጠይቃል። ከዚያም ምርመራ የሚያስፈልግ ከሆነ እንዴት እንደሚካሄድ ለፖሊስ መመሪያ ሊሰጥ ይችላል። ጉዳዩ ለሌላ ቀን ከተቀጠረ ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ይሰጣል። እነዚህ ከሌሉ በቀጠሮው ቀን ልጁን ለማቅረብ ኃላፊነት ለሚወስድ የታመነ ሰው ይሰጣል።

የዚህ ድንጋጌ ትርጉም ግልጽ ነው። ሕጉ ልጁ በጣቢያ ውስጥ እያደረ ምርመራው እንዲቀጥል አላሰበም። መርማሪው ማስረጃ የሚሰበስበው ልጁ ቤቱ እያለ ነው። በተግባር ይህ እንዲሆን ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ መሟላት አለበት፤ ልጁን የሚረከብ ሰው መገኘት አለበት። ወላጅ ፍለጋ የመርማሪው ሥራ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የወንጀሉ ዓይነት

መርማሪው የሚያጣራው ፍሬ ነገር የልጁን የመከላከል መብትም ይነካል። ለምሳሌ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሞባይል ስልክ ወሰደ ተብሎ ቢጠረጠር፣ ነገሩ ስርቆት ነው ወይስ ውንብድና የሚለው የሚለየው ኃይል ወይም ዛቻ በመኖሩ ነው። ተራ ስርቆት በቀላል እስራት ወይም ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ውንብድና ግን እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል።

የሥነ ሥርዓት ሕጉ ወንጀሉ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሲሆን ዐቃቤ ሕጉ መደበኛ ክስ እንዲያዘጋጅ፣ ልጁም ጠበቃ እንዲቆምለት ያዝዛል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳይቀርብ ሲቀርም ጠበቃ ሊመደብለት ይገባል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «ነጥቆ ሮጠ» ተብሎ የተጻፈውና «አስፈራርቶ ወሰደ» ተብሎ የተጻፈው ወደተለያየ ቦታ ያደርሳሉ። ጥንቁቅ መርማሪ የምስክሩን ቃል በራሱ አባባል ይመዘግባል እንጂ በሕግ ቃላት አይተካውም።

ሌላው ጥያቄ ከልጁ ጀርባ አዋቂ አለ ወይ የሚለው ነው። የወንጀል ሕጉ በሕፃን ተጠቅሞ ወንጀል የሚያስፈጽምን ሰው እንደ ዋና ወንጀል አድራጊ ይቆጥረዋል፤ የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቀ የሚገዛ ወይም የሚደብቅም ለብቻው ይጠየቃል። ስልኩ የት ተሸጠ፣ ማን ገዛው፣ ልጁን ማን ላከው የሚሉትን ያልጠየቀ ምርመራ ያለቀ አይደለም።

ዕድሜን ማጣራት

በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በዘመናዊ መልክ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። መሠረቱም በ2004 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 760 ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች የልደት የምስክር ወረቀት ስለማይኖራቸው ዕድሜያቸው የሚጣራው ከሌሎች ምንጮች ነው። እነዚህም የክትባት ካርድ፣ የሆስፒታል ወይም የጤና ጣቢያ መዝገብ፣ የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ እንዲሁም የወላጅና የጎረቤት ምስክርነት ናቸው።

በዚህ ሥራ ላይ ከሚያጋጥሙት የስህተት ምንጮች አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። በ2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2016 ዓ.ም. ወደ 13 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። አንድ ሰው «2003» የሚለውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወስዶ እስከ 2024 ቢቆጥር ግን 21 ዓመት ያወጣለታል። በተቃራኒው በአውሮፓውያን 2011 ተብሎ የተመዘገበ ልደት እንደ ኢትዮጵያ ቢነበብ ያው ልጅ የ5 ዓመት ሕፃን ይሆናል። የመጀመሪያው ስህተት ልጁን አዋቂ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ከነጭራሹ ከወንጀል ኃላፊነት ያወጣዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ መለየት ያስፈልጋል።

ሰነድ ሳይገኝ ሲቀር ወይም የቀረቡት ሲጋጩ ፍርድ ቤቱ የሕክምና ምርመራ ሊያዝ ይችላል። የተለመደው ዘዴ የእጅና የእጅ አንጓ አጥንትን በራጅ ማየት ነው። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት የግሩሊክና ፓይል አትላስ የተዘጋጀው በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ከተማ ይኖሩ ከነበሩ የተደላደለ ኑሮ ካላቸው ነጭ ልጆች በተነሡ ራጆች ላይ ነው። የልጅ አጥንት ዕድገት ግን በምግብ፣ በበሽታና በመሳሰለው ይፋጠናል ወይም ይዘገያል፤ ጤነኛ በሆኑ እኩዮች መካከልም ልዩነት አለ። ስለዚህ ውጤቱ ግምት እንጂ የልደት ቀን አይደለም። 14 እና 16 ዓመትን ለመለየት በሚፈለግበት ጊዜ ግምቱን ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ማመዛዘን የግድ ነው።

ቃል መቀበል

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ማንኛውም የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ የማወቅ፣ ያለመናገርና በማስገደድ የእምነት ቃል ያለመስጠት መብት ሰጥቶታል። የሥነ ሥርዓት ሕጉም ፖሊስ ቃል ለማግኘት ተስፋ እንዳይሰጥና እንዳያስፈራራ ይከለክላል። እነዚህ መብቶች ለሕፃንም ያው ናቸው፤ ልዩነቱ ሕፃኑ እነሱን በራሱ መጠቀም መቻሉ ላይ ነው። «ካመንክ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለአንድ የ11 ዓመት ልጅ ከማንኛውም ማስፈራሪያ በላይ ሊሠራ ይችላል።

ልጆች ለአዋቂ፣ በተለይም መለዮ ለለበሰ ሰው፣ «እሺ» ማለትን የለመዱ ናቸው። ትልቅ ሰውን አለመቃወም እንደ ጨዋነት በሚታይበት ማኅበረሰብ ይህ ይበልጥ ይጎላል። ስለዚህ በአዎ ወይም በአይደለም የሚመለሱ መሪ ጥያቄዎች መርማሪው መስማት የሚፈልገውን እንጂ የሆነውን አያወጡም። የተሻለው መንገድ «ከትምህርት ቤት ከወጣህ በኋላ የሆነውን ንገረኝ» ብሎ ልጁ በራሱ ቅደም ተከተል እንዲናገር መተው፣ ወላጁ ወይም የሚያምነው ሰው አጠገቡ እንዲሆን ማድረግ፣ ጥያቄዎችን ማሳጠርና በመሀል ዕረፍት መስጠት ነው።

ሰዓትም ትኩረት ይፈልጋል። ልጁ «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት» ሲል የሆቴልና የባንክ ካሜራ ግን 20፡00 ብሎ ይመዘግባል። ሁለቱን ያላስማማ መዝገብ ልጁ በቦታው ነበር ወይም አልነበረም በሚለው ላይ ሙሉ በሙሉ ሊሳሳት ይችላል።

ቂርቆስና ካዛንቺስ

ቂርቆስ ከአዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን ስሙን ያገኘው በሕፃንነቱ ሰማዕት ሆነ ተብሎ በሚታመነው በቅዱስ ቂርቆስ ከተሰየመው ቤተ ክርስቲያን ነው። መስቀል አደባባይ፣ የአዲስ አበባ ስታዲየምና ለገሐር በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። የካዛንቺስ ስም ከጣሊያን ወረራ ዘመን የመጣ ነው፤ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ምኅጻረ ስም ጋር «ካዛ» ማለትም ቤት የሚለው ቃል ተቀናጅቶ የተፈጠረ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ በሰፈሩ ዳር ይገኛሉ።

አካባቢው ትላልቅ ሆቴሎችና ቢሮዎች ከቆዩ የቀበሌ ቤቶች ጋር ተጠጋግተው የኖሩበት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ከሌላ ሰፈር ወይም ከክፍለ ሀገር መጥተው ጫማ የሚጠርጉ፣ ማስቲካና ሶፍት የሚያዞሩ፣ ለታክሲ ተሳፋሪ የሚጠሩ ልጆች ይታያሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ሲጠረጠር የመጀመሪያው ችግር አድራሻ ነው። ወላጁ ሩቅ አገር ሊሆን ይችላል፤ የሚረከበው ሰው ከሌለ ደግሞ አንቀጽ 172 የሰጠው ከለላ በተግባር ይላላል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። ይህም ለምርመራ ሥራ የራሱ ትርጉም አለው። የልጁን የልደት ዘመን የሚያስታውሱ ጎረቤቶች፣ የዕድሩ ሰዎች፣ የትምህርት ቤቱ መምህራን በአንድ ሰፈር ሲገኙ ዕድሜንና ጠባይን ማጣራት ቀላል ነው። ሲበተኑ ግን ያው መረጃ ከብዙ ቦታ መፈለግ አለበት፤ የተጻፈ ማስረጃም ዋጋው ይጨምራል።

ለፍርድ ቤቱ የሚቀርብ መረጃ

ፍርድ ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ ጠባይ፣ አስተዳደግ፣ ትምህርትና ኑሮ ከወላጆቹ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከባለሙያዎች መረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ችሎቱ የሚካሄደው በዝግ ሲሆን አካሄዱም ከመደበኛው ቀለል ያለ ነው። ልጁን የሚጎዳ ነገር በሚነገርበት ጊዜም ከክፍሉ እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል።

ጥፋቱ ከተረጋገጠ ፍርድ ቤቱ ልጁን ወደ ሕክምና ተቋም ሊልከው፣ በክትትል ሥር እንዲማር ሊያዝ፣ ሊገሥጸው፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤቱ ተወስኖ እንዲቆይ ሊያደርግ ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ሊያስገባው ይችላል። መቀጮና እስራት የሚመጡት በተለዩ ሁኔታዎች ብቻ ነው። ከእነዚህ የትኛው እንደሚስማማ ለመወሰን የልጁን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። መዝገቡ ስለ ድርጊቱ ብቻ የሚናገር ከሆነ ዳኛው የሚመርጥበት መሠረት ይሳሳል።

አንዳንድ ጊዜ ተጠርጣሪው ልጅ ራሱ ተጠቂ ሆኖ ይገኛል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለጾታዊ ጥቃት ተጎጂዎች ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍንና የሕግ አገልግሎትን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል ካላቸው ተቋማት አንዱ ነው። እንዲህ ያሉ ማዕከላት የተቋቋሙት ተጎጂው ያንኑ ታሪክ በየቢሮው እንዳይደጋግም ነው።

ወደ ሙያው መግባት

መርማሪ የሚሆነው ሰው በመጀመሪያ ፖሊስ ነው። መሠረታዊ የፖሊስ ሥልጠና ወስዶ ካገለገለ በኋላ በወንጀል ምርመራ ይሠለጥናል፤ ሰንዳፋ የሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲም በፖሊስ ሙያ ትምህርት ይሰጣል። ከሕግ፣ ከሥነ ልቦና ወይም ከሶሻል ወርክ ትምህርት የመጡ ሰዎችም በዚህ መስክ ከፖሊስ ጋር አብረው ይሠራሉ። በተባበሩት መንግሥታት በ1985 እ.ኤ.አ. የጸደቁት የቤጂንግ ደንቦች ከሕፃናት ጋር የሚሠሩ ፖሊሶች ልዩ ሥልጠና እንዲያገኙና በትላልቅ ከተሞች ልዩ የፖሊስ ክፍሎች እንዲቋቋሙ ይመክራሉ።

በሌሎች አገሮች

የመጀመሪያው የሕፃናት ፍርድ ቤት በ1899 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቺካጎ እንደተከፈተ ይታወቃል። የወንጀል ኃላፊነት የሚጀምርበት ዕድሜ ከአገር አገር ይለያያል። ደቡብ አፍሪካና ኬንያ ሁለቱም በ2022 እ.ኤ.አ. ዝቅተኛውን ዕድሜ ወደ 12 ዓመት ከፍ አድርገዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት አገሮች ዝቅተኛውን ዕድሜ ቢያንስ 14 ዓመት እንዲያደርጉ መክሯል። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የተቀመጠው 9 ዓመት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

የሚነሡ ጥያቄዎች

በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ በብዛት የሚነሣው ከ15 ዓመት በላይ የሆኑት ልጆች ጉዳይ ነው። በሕፃናት መብቶች ስምምነት መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ሁሉ ሕፃን ነው፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ያለው ልዩ አካሄድ ግን የተዘረጋው ለወጣት ጥፋተኞች ነው። በዚህ ምክንያት የ16 ዓመት ልጅ በመደበኛው መንገድ ሊያዝና የጊዜ ቀጠሮ ሊጠየቅበት ይችላል። ከአዋቂዎች ተለይቶ የመያዝና ጥቅሙ በቀደምትነት የመታሰብ ሕገ መንግሥታዊ መብቱ ግን አብሮት ይኖራል፤ በጣቢያው ውስጥ ይህን መጀመሪያ ማስከበር ያለበትም መርማሪው ነው።

ሁለተኛው የጠባይ ማረሚያ ተቋማት እጥረት ነው። ተቋሙ በሌለበት አካባቢ ዳኛው ልጁን ወደ ማረሚያ መላክ ተገቢ ነው ብሎ ቢያምንም የሚልክበት ቦታ አያገኝም። ሦስተኛው ምስጢር መጠበቅ ነው። ችሎቱ ዝግ ሆኖ ሳለ የልጁ ፎቶግራፍ በማኅበራዊ ሚዲያ ከተለቀቀ የሕጉ ከለላ ትርጉም ያጣል፤ አንዴ የተሰራጨ ምስል ልጁ አድጎ ሥራ ሲፈልግም ይከተለዋል።